«ሉ ኤ አፕሩቬ»፦ መዝገብ መያዝ ለውልም ለማኅበርም ምን ማለት ነው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወረቀት ነው። ሲሰሙት ደረቅ ነገር ይመስላል፤ ግን ትንሽ ታገሱኝ፣ የምጀምረው ከሰው ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከካምፕ ወደ ጅቡቲ ከተማ መጥቼ ባልባላ ዘመድ ቤት አርፌ ነበር። አስተማሪ መሆኔን የሰማች አንዲት እህት ማታ ላይ መጣችና «ቲቸር፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ» ብላ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። የኔ ፈረንሳይኛ የካምፕ ፈረንሳይኛ ነው፤ ወረቀቷ አጭር ስለሆነች ግን ገባኝ። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር የሠራችበት ቤት ሲያሰናብታት ያስፈረማት ናት። ባጭሩ «የሚገባኝን ሒሳብ በሙሉ ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለም» ትላለች። ከሥር ፊርማዋ አለ። ከፊርማዋ በላይ ደግሞ በራሷ እጅ፣ ፊደሉ እየተንቀጠቀጠ፣ «ሉ ኤ አፕሩቬ» የሚል ተጽፏል። ማዳም በሌላ ወረቀት ላይ ጽፋ «ይህን ገልብጪ» ብላት ነው የገለበጠችው። ትርጉሙ «አንብቤ ተስማምቻለሁ» ማለት ነው።

ያላነበበች ሴት፣ ማንበቧን በገዛ እጇ መሰከረች። የሦስት ወር ደሞዟ ግን አልተከፈላትም ነበር። በወር 20,000፣ በድምሩ 60,000 ፍራንክ።

እሷን ብቻ ሞኝ ማለት አይገባም። በፈረንሳይኛ አሠራር ፈራሚው ይህችን ቃል በእጁ እንዲጽፍ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ሐሳቡ ሰውየው የሚፈርመውን ነገር ቆም ብሎ እንዲያየው ነበር። ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ግን መከላከያ መሆኑ ቀርቶ ማሰሪያ ሆነ። «እና አሁን ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ሌላ ወረቀት አለሽ?» አልኳት። «ምንም። ውልም አልነበረኝ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩን መለየት ያለብን። ውል ነበራት። በወር ይህን ያህል ትከፈያለሽ ተባለች፣ እሺ ብላ ገባች፣ ሠራች፣ ሃያ ስምንት ወር ተከፈላት። ይሄ ሁሉ ውል ነው። ያልነበራት መዝገብ ነው። ውል ሁለት ሰዎች የተስማሙበት ነገር ነው፤ መዝገብ ደግሞ ምን ላይ እንደተስማሙና ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነ የሚያስታውስ ነው። ሰው ሲስማማ መዝገብ አያስፈልገውም፤ ሲጣላ ግን ከመዝገብ ሌላ ምንም የለውም።

በአገራችን ሕግ ይሄ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1719 ላይ፣ ሕጉ የተለየ አጻጻፍ ካላዘዘ በቀር ውል የግድ በዚህ መልክ ይሁን አይልም። አፍ ለአፍ የተባባሉትም ውል ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲካካዱ ነው። ብድርን እንውሰድ። በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ ሕጉ «ሳይጻፍ የተበደረ ሰው ዕዳ የለበትም» አላለም። ዕዳው አለ፤ የሚያስረዳበት መንገድ ነው የጠፋው። አሥር ምስክር ብትጠሩ ዋጋ የለውም። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በ500 ብር ምን እንደሚገዛ እናንተው ታውቃላችሁ።

በጽሑፍ እንዲሆን ለታዘዘ ውል ደግሞ የተዋዋዮቹና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ያስፈልጋል፤ ይህ በቁጥር 1727 አለ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የሚቀጥለው ነው። በቁጥር 1728 ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመው ፊርማ፣ በውል አዋዋይ ወይም በመዝጋቢ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ሰውየውን አያስገድደውም። ሕግ አውጪው ያቺን ባልባላ ያለችውን እህት አስቀድሞ ያያት ይመስላል። እርግጥ ይህ የኢትዮጵያ ሕግ ነው። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው የራሷ የሥራ ሕግና የሥራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አላት፤ እዚህ የተደረገ የሥራ ውል የሚታየው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የስደተኞች ሕግና እሱን ተከትለው የመጡት ድንጋጌዎችም ስደተኛ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራሉ። ስለዚህ «እኔ ስደተኛ ነኝ፣ ማን ይሰማኛል» ብሎ ዝም ማለት አይገባም። ሄዳችሁ ስትናገሩ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ማስረጃ አለህ?» ነው የሚሆነው።

ታዲያ ማንኛውም የተጻፈ ነገር መዝገብ ነው? አይደለም። ከራሴ ሥራ ልናገር። ክፍሌ ውስጥ የስም መጥሪያ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ስም እየጠራሁ ምልክት አደርጋለሁ። አንዳንድ ጊዜ ተማሪው ብዙ፣ ጩኸቱ ብዙ ይሆንና «ኋላ እሞላዋለሁ» ብዬ እተወዋለሁ። ዓርብ ማታ ቁጭ ብዬ የሳምንቱን ስሞላ ግን የምጽፈው የማስታውሰውን ነው፤ ማለትም የምወዳቸው ልጆች ሁሌም ተገኝተዋል፣ የሚረብሹኝ ሁሌም ቀርተዋል! መዝገብ የሚባለው ነገሩ በሆነበት ሰዓት፣ ነገሩን ባየ ሰው፣ ማን እንደሚጣላ ገና ሳይታወቅ የተጻፈ ነው። ጠብ ከመጣ በኋላ የሚጻፈው አቤቱታ ይባላል። አቤቱታም ይጠቅማል፤ ግን ሌላ ነገር ነው።

አባቶቻችን ይሄን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በጥንት ዘመን ንጉሥ ለገዳም መሬት ሲሰጥ ስጦታው የሚጻፈው በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ነበር። በጎንደር ዘመን ደግሞ ተራ የመሬት ሽያጭ ሳይቀር በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ላይ ተመዝግቦ ይገኛል፦ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋው፣ እማኞቹና ዋሶቹ በስም በስማቸው። ለምን ወንጌል ላይ? ብራና ስለተወደደ ብቻ አይመስለኝም። ወንጌል አይሸጥም፣ እሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው፤ ካህናቱ ሁሉ ያዩታል፣ አንዱ ቢፍቀው ሌላው ያውቃል። ስጦታውን በሚያፈርስ ላይ የሚወርደው ውግዘትም አብሮ ይጻፋል። እስላም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ አል በቀራ 282፣ ስለ ብድር መጻፍ መሆኑን ያውቃሉ። እዚያ ውስጥ በጣም የሚገርም ትእዛዝ አለ፤ ቃሉን እየተናገረ ለጸሐፊው የሚያስጽፈው አበዳሪው ሳይሆን ተበዳሪው ነው። ነገ «አላልኩም» ሊል የሚችለው ሰው ዛሬ በራሱ አፍ እንዲናገር ማለት ነው። ባልባላ የሆነውን ገልብጣችሁ እዩት፦ ወረቀቱን ያዘጋጀችው ከፋይዋ፣ ቋንቋው የከፋይዋ፣ ቅጂው የቀረውም ከፋይዋ ጋ።

ለመሆኑ እህታችን ያሳየችኝ ወረቀት ከየት መጣ ካላችሁ፣ ኦርጅናሉ አይደለም። ለምና ያገኘችው ፎቶ ኮፒ ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እኛ አገር ሌላም ተምረናል፦ የተጻፈውም ሁለት ዓይነት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል።

በጅቡቲ ከተማ መሀል አሁን የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ የሚባለው፣ ሰዉ ግን ዛሬም ምኒልክ አደባባይ የሚለው ቦታ አለ። ያንን ስም ስሰማ ትዝ የሚለኝ ውጫሌ ነው። ታሪኩን በትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረነዋል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና የኢጣሊያው ተወካይ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። የአማርኛው አንቀጽ 17 ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለምታደርገው ግንኙነት ከፈለገች በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መነጋገር ትችላለች የሚል ሲሆን፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ኢጣሊያም ከወራት በኋላ ለአውሮፓ መንግሥታት ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ አስታወቀች። በትምህርት ቤት የማይነገረን አንቀጽ 19 ነው። እሱ ደግሞ ውሉ በሁለቱ ቋንቋዎች መጻፉን፣ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም አንድ መሆናቸውንና ሁለቱም እኩል የሚታመኑ መሆናቸውን ይናገራል። አንድ እንዳልነበሩ ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን። አንቀጽ 19 ማለት እንግዲህ የመንግሥታት «ሉ ኤ አፕሩቬ» ነው።

ከእህታችን የሚለያቸው፣ አፄ ምኒልክ እጃቸው ላይ የራሳቸው ቅጂ በራሳቸው ቋንቋ መኖሩ ነው። «እኔ የፈረምኩት ይህን ነው» ብለው ማሳየት ቻሉ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። እርግጥ ነገሩ በወረቀት ብቻ አላለቀም፤ አድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌውን ሻረው። ግን አስቡት፣ የአማርኛው ቅጂ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ያ ክርክር ምን ይመስል ነበር?

ከዚሁ ከተማ የሚነሳው የባቡር ሐዲድም የውል ታሪክ አለው። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ሐዲዱን የመሥራት ፈቃድ ለ99 ዓመት የሰጡት ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ሥራውን የያዘው ኩባንያ ገንዘብ ሲያጥረው በ1902 ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ሌላ ውል ገባ፤ በዚያ ውል የፈረንሳይ መንግሥት በሐዲዱ ላይ ሥልጣን አገኘ። ምኒልክ አልተጠየቁም። ተቆጡ፣ ነገሩም ተበላሸ፤ በዚያው ዓመት ድሬዳዋ የደረሰው ሐዲድ እዚያው ቆሞ ቀረና አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ይህን የማነሳው ስለ ደላላ እንድታስቡ ብዬ ነው። እናንተ የተስማማችሁት ከደላላው ጋር፣ ደላላው የተስማማው ከማዳም ጋር ከሆነ፣ ሁለቱ ውሎች አንድ ስለመሆናቸው ምን ታውቃላችሁ? ደሞዛችሁን የነገራችሁ ማን ነው፤ ለማንስ ተነገረ? ሦስታችሁም በአንድ ቦታ ቁጭ ብላችሁ ቁጥሩ በሁላችሁ ፊት ካልተነገረ፣ ገና አልተዋዋላችሁም ብላችሁ ቁጠሩት።

የማኅበር መዝገብ

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ማዳምን ብቻ ማማት አይሆንም።

ሐበሻ ባለበት እቁብ አለ። ከተማ ውስጥ እኔም የማውቀው አንድ እቁብ ነበር። ሃያ አራት ሰው፣ በየወሩ 5,000 ፍራንክ፤ ዕጣ የወጣለት 120,000 ያነሳል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ደብተር አለ። አሥራ አራት ዕጣ ወጣ። ከዚያ አንድ ቀን ጸሐፊው ጠፋ። ኋላ ስንሰማ ወደ ኦቦክ ሄዶ በጀልባ ወደ የመን ተሻግሯል። ልጁ ሌባ አይደለም፤ አንዲት ሳንቲም አልነካም፣ የወሩንም ገንዘብ ለዳኛው አስረክቦ ነው የሄደው። ይዞ የሄደው ደብተሩን ነው። ምናልባት ቦርሳው ውስጥ መኖሩንም አላስታወሰም።

ሃያ አራት ሰው፣ አሥራ አራቱ አንስተዋል፣ አሥር መቅረት አለበት። ዳኛው ሰብስቦ «ያላነሳችሁ እጅ አውጡ» ሲል አሥራ ሁለት እጅ ወጣ።

ያንን ጊዜ የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። ዳኛው የዘጠኙን ዕጣ በደንብ ያስታውሳል፤ አንዲት ሴትም ያኔ ደብተሩን በስልኳ ፎቶ አንስታ ስለነበር ዘጠኙ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ አምስት ዕጣ ወጥቷል፤ ሦስቱ ሰዎች ራሳቸው አመኑ። አራተኛው ገንዘቡን በዲ-መኒ ነበር የተቀበለው፤ የላኪው ስልክ ላይ መልእክቱ ተገኘ፣ ሰውዬውም «ውይ፣ ለካ!» አለ። አምስተኛው እስከ ዛሬ አልታወቀም። መጨረሻ ላይ የቀረውን አሥር ዕጣ ለአሥራ አንድ ሰው አካፍለው እያንዳንዱ ላይ ወደ 11,000 ፍራንክ ጎደለ። 11,000 ፍራንክ ቤት አያፈርስም። አሥራ አንድ ሰው እርስ በርሱ እየተጠራጠረ መኖሩ ግን ያፈርሳል። አሁን አንዱ አንዱን ሠርግ አይጠራም።

አገር ቤት ቢሆን ይሄ አይደርስም ነበር ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነው የማስበው፤ ምክንያቱም አገር ቤት እድሩ ያለው በሰዎቹ ውስጥ ነው። ጸሐፊው ቢሞት ልጁ አለ፣ ጎረቤቱ አለ፣ አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ናቸው። እኛ ጋ ሰው ይሄዳል። አንዱ በሦስተኛ አገር ሰፈራ ይሄዳል፣ አንዱ በባሕር ይሄዳል፣ አንዱ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ከአሊ አዴ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ሆልሆል የሚዘዋወረው ብዙ ነው። የኮሚቴ አባል በዓመት ሁለቴ ይቀየራል። እንዲህ ባለ ቦታ ማኅበሩ ማለት ደብተሩ ነው። ሰዎቹ ሁሉ ቢቀየሩ፣ ደብተሩ ካለ ማኅበሩ አለ፤ ሰዎቹ ሁሉ ቢኖሩ፣ ደብተሩ ከጠፋ እንዳያችሁት ነው።

የድሮ እድሮች አሠራር ላይ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አንድ ሰው አይሆኑም። አለመተማመን አይደለም። የጻፈው አይቆጥርም፣ የቆጠረው አይጽፍም፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው ትክክል የሚባለው። አንዱ ቢሳሳት በሁለተኛው ይያዛል። እዚህ ግን «ሰው የለም» ይባልና ማንበብ የሚችለው አንድ ልጅ ጸሐፊም፣ ገንዘብ ያዥም፣ ተቆጣጣሪም ይሆናል። እኔን ራሴን ሦስት ማኅበር ውስጥ እንዲህ ሊያደርጉኝ ሞክረዋል። እምቢ አልኩ፤ ስለምፈራ ነው፣ ነገ ቢጎድል የሚመሰክርልኝ የለምና።

ቃለ ጉባኤም እንደዚሁ ነው። ቃለ ጉባኤ ንግግር የሚገለበጥበት አይደለም። ማን እንዲህ አለ፣ ማን እንዲያ አለ እያሉ አራት ገጽ ሞልተው ውሳኔውን የሚረሱ አሉ። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተገኙትና የቀሩት፣ የተነሳው ጉዳይ፣ የተወሰነው፣ ማን እንደሚፈጽመውና እስከ መቼ፤ በቃ። ከዚያ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ይህቺ ማንበብ ትልቅ ነገር ናት፤ ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች የሚፈርሙት የሰሙትን ስለሆነ፣ ሳይነበብ ማስፈረም ማዳም ያደረገችውን እኛው በእናቶቻችን ላይ ማድረግ ነው። ገንዘብ ሲጻፍ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ 1,000 ላይ አንድ ዜሮ መጨመር ቀላል ነው፣ «አንድ ሺህ» ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ መጨመር አይቻልም። ስህተት ከተገኘ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ የድሮው እየተነበበ፣ ጎኑ ላይ ተፈርሞ ይታረም። ፍሉድ የተቀባ መዝገብ ካየሁ እኔ ያንን ገጽ አላምንም። ገጹ ቁጥር ይኑረው፣ በመሀል ባዶ መስመር አይተው። ሲያልቅ ሦስት ሰው በየስልኩ ፎቶ ያንሳ። ያ እቁብ በየወሩ ይሄን አድርጎ ቢሆን ኖሮ ደብተሩ የመን ቢሄድም ምንም አልነበረም።

ስለ ራሳችን የተጻፈው

ሌላው መዝገብ ስለ እኛ ሌሎች የሚይዙት ነው። ኦናርስና ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ጋ የተከፈተው ፋይላችን ማለቴ ነው። ይሄ ፋይል ስማችንን፣ ዕድሜያችንን፣ ቤተሰባችንን ይዟል፤ ከኛ ይልቅ የሚታመነውም እሱ ነው። ስለዚህ ምን ተጽፎ እንዳለ ማወቅ የኛ ጉዳይ ነው።

በጣም ብዙ ጊዜ ያጋጠመኝ ስህተት የዘመን አቆጣጠር ነው። በኛ 2004 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ የተወለደው በ2011 ወይም በ2012 ነው። መዝጋቢው «መቼ ተወለደ?» ሲል እናት «በ2004» ትላለች፤ እሱም 2004 ብሎ ይጽፋል። በአንዲት ቃል ልጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አረጀ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በወረቀት ላይ ሃያ ሆነ ማለት ነው፤ ሃያ የሆነ ደግሞ ሕፃን አይደለም፣ በልጅነቱ የሚያገኘውን ሁሉ ያጣል። ክፍሌ ውስጥ እንዲህ በወረቀት ከኔ ጋር እኩያ የሆነ ተማሪ ነበረኝ! ቀን ስትናገሩ ሁልጊዜ «በኢትዮጵያ» ወይም «በፈረንጅ» ብላችሁ ጨምሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ነው የሚደመረው።

ስምም እንዲሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን፣ የአባታችን፣ የአያታችን ነው። የፈረንሳይኛው ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ መዝጋቢ አያቱን ይጽፋል፣ ሌላው አባቱን፤ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት በወረቀት ባዕድ ይሆናሉ። «ጸሐይ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አምስት ሰው ቢጽፈው አምስት ዓይነት ነው። ሌላ መዝጋቢ ፊት ስትቀርቡ ስማችሁን በአፋችሁ ከመናገር ይልቅ የመጀመሪያውን ወረቀት አሳይታችሁ «እንደዚህ ጻፍልኝ» ማለት ይሻላል። ስህተት ካያችሁ ቶሎ አስታውቁ፤ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ «ያኔ ተሳስተው ነው» ብትሉ ማብራራቱ በጣም ይከብዳል። ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት፣ ትዳር ሲመሠረት ወይም ሲፈርስም እንዲሁ። ምዝገባውና እርማቱ በነጻ ነው፤ «በገንዘብ አስተካክልልሃለሁ» የሚል ሰው ከመጣ እሱ አጭበርባሪ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከመካከላችን መዝገብ ሲባል የሚደነግጥ ሰው አለ፣ በቂ ምክንያትም አለው። ስሙ ዝርዝር ላይ ስለተጻፈ አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው «ስምህን ጻፍ» ስትለው ዓይንህን ነው የሚያየው። ስለዚህ የማኅበር ጸሐፊዎች፣ እባካችሁ የማያስፈልጋችሁን አትጻፉ። እቁብ ስምና መዋጮ ይበቃዋል፤ ከየት ነህ፣ ብሔርህ ምንድን ነው፣ ለምን ተሰደድክ የሚለው የእቁብ ጉዳይ አይደለም። የሰውን የስደተኛ ወረቀት ፎቶ አንስቶ በግሩፕ መልቀቅም ያው ነው። ለዋስትና ብላችሁም የሰው ኦርጅናል ወረቀት አትያዙ። የራሳችሁንም ለማንም አታስይዙ፤ አሠሪም ቢሆን፣ ደላላም ቢሆን።

ወደ እህታችን ልመለስ። ያን ማታ ብዙ ከተነጋገርን በኋላ «መቼ መቼ እንደተከፈለሽ ምልክት ያደረግሽበት ነገር የለም?» አልኳት። አሰብ አደረገችና ክፍሏ ሄዳ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የኢትዮጵያ ካላንደር ይዛ መጣች፤ የዘንድሮንም ያለፉትንም። ለእናቷ ገንዘብ በምትልክበት ቀን ሁሉ ክብ አድርጋለች። ደሞዝ የምትቀበለው በዚያው ቀን ነበር። ክቦቹን ቆጠርን፤ ሃያ ስምንት። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ባዶ ናቸው። የላከችባቸው ደረሰኞችም ግማሽ ያህሉ በላስቲክ ታስረው ተገኙ፤ ቀናቸው ከክቦቹ ጋር ገጠመ።

እኔ ቀኖቹን አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ ቀይሬ በአንድ ገጽ ጻፍኩላት፤ ፈረንሳይኛ የሚችል የሰፈር ሰው አረመልን። ካላንደሩንና ደረሰኞቹን ይዛ፣ ከሁለት ሽማግሌ ጋር፣ መጀመሪያ ወደዚያው ቤት ሄደች። የማዳም ባል ገጹን ለረጅም ጊዜ አየው አሉ። የሁለት ወሩን ከፈለ። የሦስተኛውን «በወረቀቱ ፈርማለች» ብሎ እምቢ አለ። አሁን የሥራ ተቆጣጣሪ ጋ ለመሄድ ቀን ይዛለች፤ ካላንደሩን ግን ከቤት እንዳታወጣው፣ ፎቶ ኮፒውን ብቻ እንድትወስድ ነግሬያታለሁ።